እድፍ የሌለው ሸሚዝ

አጣቢዋን ጠይቆ የሚያውቅ ሐኪም አልነበረም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በጦር ሠራዊቱ ሆስፒታል ምድር ቤት፣ ወገቧን ለሲሚንቶ ገንዳ ሰጥታ የቁስለኛ ልብስ ስታጥብ፣ እነዚያ ነጭ ለባሾች ከላይ ፎቅ ላይ ሆነው «ይሄ ሰው ምን ሆኖ ነው? እንዴት ወድቆ ነው? ስንት ቀን ሜዳ ላይ ተኝቶ ነው?» እያሉ ወረቀት ሲያገላብጡ ይውሉ ነበር። መልሱ ግን ከእግራቸው ስር፣ እሷ ገንዳ ውስጥ ተዘፍዝፏል። አንድ ቀን ደፍራ ደረጃውን ወጣችና «ያ አስራ አራት ቁጥር አልጋ ላይ ያለው ልጅ ወድቆ አይደለም፣ ተጎትቶ ነው። የሸሚዙ ጀርባ ከትከሻ እስከ ወገብ ተፍቋል። አከርካሪውን እዩት» ብትላቸው፣ አንዱ ፈገግ ብሎ «እማማ፣ ሳሙና አለቀ እንዴ?» አላት። ልጁ በሦስተኛው ቀን እግሩን ማንቀሳቀስ አቃተው። መጥቶ «ልክ ነበርሽ» ያላት የለም። እሷም ከዚያ ወዲያ ያንን ደረጃ አልረገጠችውም።

ፊደል አልቆጠረችም። ልብስ ግን ታነባለች። ጭቃው ጉልበቱና ክርኑ ላይ ከተጋገረ ባለቤቱ በደረቱ ተስቧል። ጀርባው ላይ ሦስት የጨው መስመር ካለ ሦስት ቀን ልብሱን ሳያወልቅ ተጉዟል። የሥራ ላብና የፍርሃት ላብም አንድ አይደሉም፤ የሥራ ላብ ጨው ጨው ይላል፣ የፍርሃት ላብ ግን የዛገ ብረት ይሸታል፤ ብብት ስር ገብቶ ይደበቅና ሁለቴ ታጥቦም አይለቅም። ደም በሙቅ ውሃ የሚያጥብ ሰው ካየች ደግሞ ለስድብ አትሰንፍም። ሙቅ ውሃ ደምን ጨርቁ ላይ ይጠብሰዋል። ደም የሚለቀው በቀዝቃዛ ውሃ፣ በትዕግሥት፣ በጨውና በሁለት አውራ ጣት ነው። ይሄን ለማወቅ ትምህርት ቤት አያስፈልግም፤ ባልና ልጅ ወታደር መሆናቸው ይበቃል።

ባሏ ከጦርነቱ ሲመለስ ኮቱ ብቻውን መቆም ይችል ነበር፤ እንዲያ ደርቋል። እጅጌው እስከ ክርን ድረስ በደም ጠቁሯል፣ ቁስል ግን በገላው ላይ የለም። እሷም ያኔ የሃያ ዓመት ሙሽራ ብትሆንም አልተታለለችም።

«የማን ነው?» አለችው።

«የአንዱ ነው» አላት። «የእኔ እኩያ ነበር። በጨበጣ ውጊያ ተያያዝን። መጨረሻ ላይ አንድ ነገር አለኝ፤ ቋንቋውን አልሰማሁትም።»

ከዚያ በኋላ ሰውየው ያንን እኩያውን ዕድሜ ልኩን ሲያወራው ኖረ። ሰፈር ውስጥ ያልሰማው የለም። አንዳንዴ ያለቅሳል፣ አንዳንዴ የሟቹን ጉልበት ያደንቃል፣ «ያ አንበሳ በሕይወት ቢኖር ኖሮ ወዳጄ ነበር» ይላል። እንዲህ ሲያወራው፣ ሲያወራው፣ ነገሩ እየሳሳ እየሳሳ ሄዶ በመጨረሻ እንደ አሮጌ ጨርቅ ብርሃን ያሳልፍ ጀመር። አርጅቶ በአልጋው ላይ ሞተ።

ልጇ ሌላ ነው። እሱ ሁለት ዓመት ምሽግ ውስጥ ተቀምጦ ወዲያ ማዶ ወዳለው ተራራ መድፍ ሲተኩስ ኖረ። ከተራራውም ይተኮስበት ነበር። የጠላት ፊት አንድም ቀን አላየም። ከዚያ አንድ ቀን ውሃ ሊቀዳ ሲወርድ ፈንጂ ረገጠ። ለእናቱ የደረሳት መጀመሪያ እሱ ሳይሆን ልብሱ ነበር፤ እዚያው እሷ ገንዳ ውስጥ፣ ከሌላው ቁስለኛ ልብስ ጋር ተደባልቆ። የግራ እግሩ ሱሪ በመቀስ ተተርትሯል። ኮሌታው ላይ ራሷ የጣፈችውን ጥፍ አየችና እዚያው ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠች። ልጇ አሁን ሰዓት ሠሪ ነው። የፊተኛው ክፍል መስኮት ስር ጠረጴዛውን ዘርግቶ፣ አንድ ዓይኑ ላይ መነጽር ሰክቶ ይውላል። ስለ ጦርነቱ አያወራም። ቢጠይቁት «የግራ ጫማ የሚፈልግ ካለ አዲስ አለኝ» ብሎ ይቀልዳል፤ በር በኃይል ከተዘጋ ግን የያዘው ወረንጦ ከእጁ ይበራል።

የዚህ ሰዓት ሠሪ ልጅ፣ ጭራሮ የሚል ቅጽል የወጣለት፣ እናቱ በወለደችው በዓመቱ ስለሞተች በአያቱ ጀርባ ያደገ ነው። ገንዳው አጠገብ ተቀምጦ፣ አያቱ አንድ አንድ ልብስ ስታነሳ «ይሄስ ምን ሆኖ ነው እማዬ?» እያለ ሲጠይቅ፣ እሷም እንደ ተረት እያነበበችለት ነው ያደገው። «ይሄ ሮጦ ነው። ይሄ ተደብቆ ነው። ይሄኛው እናቱን ጠርቷል፤ ደረቱ ላይ ያለውን የጥርስ ቀዳዳ አየህ? ሸሚዙን ነክሶ ነው።» ልጁ አፉን ከፍቶ ይሰማል። በዓለም ላይ አያቱ የማታውቀው ነገር ያለ አይመስለውም ነበር።

አደገና እሱም ወታደር ሆነ። ግን ምን ዓይነት ወታደር? ድሮን ክፍል ነው አሉ። ከፊት መስመር ብዙ ርቆ፣ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቴሌቪዥን የመሰለ ነገር ያያል። በየጥቂት ወሩ ለእረፍት ሲመጣ አያቱ ሻንጣውን ትከፍታለች። ሸሚዝ፣ ሱሪ፣ ካልሲ፤ ሁሉም እንደ ሄደ ተመልሷል። ጭቃ የለ፣ ዘይት የለ፣ የባሩድ ሽታ የለ። የሱሪው መቀመጫ ብቻ ከመቀመጥ ብዛት ሳስቷል። አጣቢዋ ይሄን ስታይ አንድ በኩል ደስ አላት፣ አንድ በኩል ግን ቅር አላት። ጦርነት ማለት ይሄ ከሆነ የባንክ ጸሐፊ ሁሉ ጀግና ነው።

«አንተ ወታደር ነህ ወይስ ቤተ መጻሕፍት ጠባቂ?» ትለዋለች። «የአያትህን ኮት ስነክረው ገንዳው ጠቁሮ ነበር። የአንተን ብነክረው ውሃው ለሻይ ይሆናል።»

ጭራሮ ዱሮ ይስቅ ነበር። ዘንድሮ ግን መሳቁን ተወ። ለሁለት ሳምንት እረፍት ብለው ላኩት፤ መጣና ግድግዳ ላይ አፍጥጦ መቀመጥ ጀመረ። ምግብ ሲሰጡት ይቆርሳል እንጂ አይበላም። የባሰው ነገር ደግሞ፣ አያቱ ለጎረቤት እንግዳ ማረፊያ የምታጥበውን አንሶላ ግቢ ውስጥ ገመድ ላይ ስትሰቅል፣ ጀርባዋን ስታዞር እሱ እርጥቡን ያወርደውና ጓዳ ያስገባዋል። ጨርቁ ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል። ጡረታ ብትወጣም ሥራዋ ሥራ ነው፤ የሸተተ አንሶላ ከእሷ እጅ ወጥቶ አያውቅም።

«ምን አድርጎህ ነው ገመዱን የጠላኸው? ፀሐይ በነጻ ነው እኮ!»

«እቤት ውስጥ ይድረቅ እማዬ።»

«አይ ልጅ! ሥራ መፍታት ነው ይሄ» አለችና ተወችው።

ረቡዕ ዕለት አንድ ወጣት አስር አለቃ ከሠራዊቱ ግዛት ቢሮ ወረቀት ይዞ መጣ። ሰዓት ሠሪው ለደንበኛ ሰዓት ሊያደርስ ወጥቷል። ጭራሮ ጓዳ ነው። አስር አለቃው የወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠና «እማማ፣ ልጁ ወደ ሥራው ይመለስ ወይስ ይታከም የሚለውን የጤና ቦርዱ ሊወስን ነው። ከቤተሰብ አንድ ሰው ይጠየቃል። ማን ይጠየቅልህ ሲባል፣ አባቱን ትቶ እርስዎን ነው ያስጻፈው» አላት።

ለመሆኑ በዚያች ሰዓት የአጣቢዋን ፊት ያየ ሰው አለ? ሠላሳ አንድ ዓመት! ሠላሳ አንድ ዓመት ያልጠየቋት ሰዎች ዛሬ ቤቷ ድረስ ብዕር ይዘው መጡ። ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች።

«ልጁ ላይ ያዩት ለውጥ አለ? ጭንቀት፣ መደንገጥ፣ ውጊያው ያመጣበት ነገር?»

«የምን ውጊያ?» አለች።

«ማለት... በሥራው ላይ ያየው።»

«ስማ አንተ ልጅ። በዚህ እጄ ያላጠብኩት የውጊያ ልብስ የለም። ቆይ!» ብላ ተነስታ ሻንጣውን ከፍታ ሸሚዙን አመጣች። አስር አለቃው ጉልበት ላይ ዘረጋችለት። «እድፍ ታያለህ? ቀዳዳ ታያለህ? ውጊያ ያላየ ሰው ምን ይሆናል? ልጄ ጤነኛ ነው። እኛ ቤት እብድ የለም። ትንሽ ሰንፏል፤ እሱን ደግሞ እኔ አለሁለት።»

እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ሸሚዙን ስትዘረጋ እንደ ልማዷ ወደ ፊቷ አስጠግታው፣ አፍንጫዋ አንድ ነገር ነግሯታል። ከብብቱ ስር የዛገ ብረት ሽታ ወጣ። ታውቀዋለች፤ ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ነገር ግን ዓይኗ ንጹሕ ጨርቅ እያየ፣ እንግዳው አፏን አፏን እያየ፣ የቤቷ ስም በሰው ብዕር ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ፣ አፍንጫዋን «ዝም በል» አለችው። የሻንጣው ብረት ይሆናል አለች በልቧ። አስር አለቃው ጻፈ። ቀለም አውጥቶ አውራ ጣቷን አስነከራት፣ ወረቀቱ ላይ አስነካት። ሄደ።

ጭራሮ ከጓዳ ወጣ። በሩ ላይ ቆሞ ነበር ማለት ነው። ለረጅም ጊዜ አያት።

«ጥሩ መለስሽ እማዬ» አለ። ተመልሶም ጓዳ ገባ።

ዓርብ ዕለት ደብዳቤው መጣ። ለሥራ ብቁ ነው፣ ሰኞ ጧት ሦስት ሰዓት ላይ ይገኝ፣ መኪና ይጠብቀዋል ይላል። ሰዓት ሠሪው አነበበና አጣጠፈው። አጣቢዋ ፈገግ አለች፤ የልጅ ልጇ ስሙ ሳይጎድፍ መመለሱ ነው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ስምንት አንሶላ ሰቀለች። ፀሐዩ አናት የሚበሳ ነበር። ስትዞር ልጁ እንደ ልማዱ ወጥቶ አንሶላዎቹን ከገመዱ ይነቅላል፤ ይሄን ጊዜ ማውረድ ሳይሆን መንጠቅ ነው። ሁለቱ አፈር ላይ ወደቁ። አጣቢዋ ደሟ ፈላ።

«ወንድ ነህ አንተ? አያትህ በእጁ ሰው ገደለ! አባትህ እግሩን ሰጠ! አንተ ጨርቅ ትፈራለህ? አንሶላ?»

ልጁ አንሶላውን ደረቱ ላይ እንዳቀፈ አፈሩ ላይ ተቀመጠ። መስኮቱ ስር ያለው ሰዓት ሠሪ መነጽሩን ከዓይኑ አወረደ።

«አንድ ቤት አለ» አለ ጭራሮ። ድምፁ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። «አርባ አንድ ቀን ከላይ ሆኜ አየሁት። አንድ ሰው ይመጣል ተብሎ፣ እሱን መጠበቅ ነው ሥራዬ። ሰውየው አይመጣም። እዚያ ቤት ያለችው አንዲት አሮጊት ናት። ቀኝ እግሯን ታነክሳለች። ማክሰኞና ዓርብ ታጥባለች። ስትሰቅል ትልልቁን ዳር ዳር፣ ትንንሹን መሃል፣ ነፋስ እንዳይወስደው። ልክ እንደ አንቺ። ፊቷን አላየሁም እማዬ፣ ከላይ ፊት አይታይም። ግን አካሄዷን ካንቺ አካሄድ አልለየውም ነበር። ጧት ስገባ ‹ደህና አደሩ› እላት ነበር። በሆዴ።»

አንሶላውን እንዳቀፈ ቀጠለ።

«በአርባ አንደኛው ቀን ሰውየው መጣ። ገባ። ትእዛዝ መጣ። ቁልፉን ተጫንኩ። ከተጫንኩ በኋላ ሚሳይሉ እስኪደርስ ሃያ ሁለት ሰከንድ ይፈጃል። መመለስ አይቻልም። በአስረኛው ሰከንድ ላይ ቅርጫቷን ይዛ ወጣች። ዓርብ ነበር። መስቀል ጀመረች። አንዱን ሰቀለች። ሁለተኛውን አነሳች። ‹ሩጪ› አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ ጓደኞቼ ዞረው አዩኝ። ማን ይሰማል?»

«በቃህ የኔ ልጅ» አለ አባቱ ከመስኮቱ።

«አልበቃኝም። ከዚያ በኋላ የሞተውን መቁጠርም የኔ ሥራ ነው። ዓይኔን አላነሳም። አያቴ ወግቶ ሮጠ። አንተ ተመትተህ ወደቅክ፣ ተሸክመው ወሰዱህ። እኔ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ምሳ ሰዓት ደረሰ፣ ምሳ ብላ አሉኝ፣ በላሁ። ተመልሼ ገብቼ ደግሞ አራት ቀን አየሁት። ገመዱ አልተቆረጠም። ያ የሰቀለችው ልብስ ደረቀ። ማንም አላወረደውም።»

ሰዓት ሠሪው ምርኩዙን ሳይዝ፣ መስኮቱን ተደግፎ ቆመ። «እኔ ሁለት ዓመት ወደ ተራራ ተኮስኩ» አለ ቀስ ብሎ። «ማንን እንደገደልኩ አላውቅም። ሰው ይሁን ድንጋይ አላውቅም። አለማወቄ ሲከነክነኝ ነው የኖረ። አንድ ፊት እንኳ ባየሁ እል ነበር። ለካ እድለኛ ኖሬያለሁ።»

አጣቢዋ ወደ ጭራሮ ሄዳ አጠገቡ አፈር ላይ ተቀመጠች። ጉልበቷ ጮኸ። እንባ እሺ አላላትም።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለችው። «ያ ልጅ ወረቀት ይዞ ሲመጣ ለምን ዘለህ አልወጣህም? ‹ዋሸች› አትልም?»

ጭራሮ ቀና ብሎ አያት። «መናገር አይቻለኝም ነበር እማዬ። ለዚያ ነው አንቺን ያስጻፍኩሽ። እማዬ ሳይነግሯት ከልብሱ ታውቃለች ብዬ ነው። ስትዘረጊው በበሩ ቀዳዳ አየሁሽ። ወደ አፍንጫሽ ስታስጠጊው ‹አሁን አወቀች› አልኩ።»

አጣቢዋ ብዙ ነገር ችላ ታውቃለች። የልጇ ልብስ ተደባልቆ ሲመጣ ችላለች፣ ባሏን ቀብራ ችላለች። ይሄን ግን የምትችልበት ቦታ ከየት ታምጣ? አንዴ ብቻ፣ በሕይወቷ አንዴ ብቻ ተጠየቀች። ያወቀችውን ዋጠችና ያላወቀችውን መሰከረች። እናም የሚወዳት ልጅ በእሷ አውራ ጣት ወደዚያ ወንበር ይመለሳል።

እሑድ ቢሮ ዝግ ነው። እሑድን አንድም አንሶላ ሳትነካ ዋለች።

ሰኞ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ግዛት ቢሮው ግቢ ደረሱ፤ አባት በምርኩዝ፣ ልጅ በሻንጣ፣ እሷ ባዶ እጇን። አንድ አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል። ጭራሮ ሳማትና ገብቶ ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠ። በመስታወቱ አላያትም፤ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የፊቱን ወንበር ጀርባ ያያል። ልክ እንዲህ ይሆናል እዚያ የሚቀመጠው፣ አለች በልቧ። ሰዓት ሠሪው እግሩን አውቶቡሱ በር ላይ አስገብቶ ቆመ። ሾፌሩ «አባ፣ ይውረዱ እንጂ!» ቢለው «አንድ እግር ስለሆነ ቶሎ አይወርድም፣ ታገስ» ብሎ አልነቃነቅም አለ።

አጣቢዋ የቢሮውን ደረጃ ወጣች። ወረፋ የያዙትን ሰዎች አልፋ፣ «እማማ! እማማ! ተራ አለ!» የሚላትን ዘበኛ በክንዷ ገፍታ አስር አለቃው ጠረጴዛ ፊት ቆመች።

«እማማ፣ ደግሞ ምን ሆኑ?»

«ያን ወረቀት አምጣ።»

«የቱን? ተወስኖ እኮ ነው። ተፈርሟል። አሻራዎ አለበት።»

«ለዚያ ነው የመጣሁት። አሻራዬ ውሸት ነው።»

አስር አለቃው ብዕሩን አስቀመጠ። «እርስዎ ራስዎ ሸሚዙን ዘርግተው አሳይተውኝ የለም?»

«አሳይቼሃለሁ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። የእኔን ጥፋት በልጁ ላይ አትጫን። ሠላሳ አንድ ዓመት ያጠብኩ ሴት ነኝ፤ ጦርነት ሁሉ ጭቃ ያለው መስሎኝ ነበር። የባሌ ጦርነት እጁ ላይ ነበር፣ የልጄ እግሩ ላይ ነበር፣ የዚህኛው ዓይኑ ውስጥ ነው። ዓይን ደግሞ አውጥቼ አላጥብ! ሽታውን አሽትቼ ደብቄሃለሁ። ስለ ስሜ ብዬ። ይኸው ነገርኩህ፤ በሰው ፊት ነገርኩህ።»

ወረፋው አንገቱን አሰገገ። አንዱ ሳል አለ።

«እማማ፣ አሁን እኮ በእኔ እጅ አይደለም። ቦርዱ...»

«ቦርዱን ጥራው። እስኪመጣ እዚህ እቆማለሁ፤ መቆም ልማዴ ነው። እስከዚያ አዲስ ወረቀት አውጣ። ‹አያቱ ልጁ ታሟል አለች› ብለህ ጻፍ። ‹የገደላትን ሴት ቆጥሮ ምሳ ብላ የተባለ ሰው ነው› ብለህ ጻፍ። ‹እዚያ ወንበር ላይ ብትመልሱት ትገድሉታላችሁ› ብለህ ጻፍ። ‹ረቡዕ ዋሽታ ነበር› የሚለውንም እንዳትዘል፤ አላፍርም።»

ከውጭ የአውቶቡሱ ጥሩንባ ጮኸ። አስር አለቃው ወደ መስኮቱ አየ፣ ወደ እሷ አየ፣ መሳቢያውን ሳበ። ነጭ ወረቀት አወጣ። ትንሽ ጻፈና ቀና አለ።

አጣቢዋ ወረቀቱ ላይ ጎንበስ አለች። ከተጻፈው አንዱንም አታውቀውም። አውራ ጣቷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ቀለሙን ግን በሌላ እጇ ወደ ራሷ ስባ ያዘች።

«እኔ አላነብም፣ አንተም ታውቃለህ» አለችው። «እንግዲያው ተነስና የጻፍከውን አንብብልኝ። ጮክ ብለህ፣ እነዚህ ሁሉ እንዲሰሙ። አንዲት ቃል ብትዘል ጣቴን አታገኛትም፤ አንብበህ ስትጨርስም ያን አውቶቡስ ሂድና አንተው አስቁምልኝ።»